ሐራጅ ከመግባትዎ በፊት፦ ባንክ የሚሸጣቸውን ቤቶች ስለመግዛት የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ብድሩን መክፈል ያቃተው ሰው ቤት በሐራጅ ሲወጣ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ከሱሉልታ እስከ ገላን ያለው ቤት ፈላጊ ጋዜጣውን አጥፎ በኪሱ ይይዛል። በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎችም ከነዚሁ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት በሐራጁ ዕለት ስንት ብለው እንደሚጠሩ ነው። እኛ ግን ደጋግመን ወደ ኋላ እንመልሳቸዋለን፤ ገንዘብ የሚጠፋውም የሚተርፈውም ከሐራጁ ቀን በፊት ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነውና።

ጥያቄ፦ ለገዳዲ አካባቢ 200 ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ ቪላ በባንክ ሐራጅ እንደሚሸጥ ጋዜጣ ላይ አየሁ። መነሻ ዋጋው ደላሎች ለተመሳሳይ ቤት ከሚጠሩት በብዙ ያንሳል። ቤቱ ችግር ኖሮበት ይሆን? ማስታወቂያውንስ እንዴት ነው የማነበው? *(ከለገጣፎ)*

መልስ፦ መነሻ ዋጋ የመሸጫ ዋጋ አይደለም። ባንኩ ቤቱን በመሐንዲስ ያስገምትና ተጫራች እንዲመጣለት ጥሪው የሚጀመርበትን ዋጋ ያስቀምጣል። ቤቱን ከልብ የሚፈልጉ ሦስት ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ከተገኙ ዋጋው ወደ ገበያው ይጠጋል። ስለዚህ መነሻው ዝቅ ማለቱ ብቻውን ቤቱ ጉድለት እንዳለበት አያሳይም። ከገበያው በታች የሚቀረው ልዩነት ካለ ደግሞ በነፃ የተገኘ አይደለም። የቤቱን ውስጥ በደንብ ሳያዩ ስለሚገዙ፣ ገንዘቡን በአጭር ቀን ስለሚያጠናቅቁ፣ በቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው የማስወጣት ጣጣም የእርስዎ ስለሚሆን የሚሰጥ ዋጋ ነው።

ባንኩ ይህን ሥልጣን ያገኘው በ1990 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ነው። በአዋጁ መሠረት ባንክ ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ መያዣውን በሐራጅ ሸጦ ስሙን ለገዢው ማዛወር ይችላል። አካሄዱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን የሐራጅ ድንጋጌዎች ይከተላል። ባንኩ ሥርዓቱን ሳይጠብቅ ሸጦ በተበዳሪው ላይ ጉዳት ቢያደርስ ተጠያቂ ነው፤ ለዚህም ነው የባንክ የሕግ ክፍሎች በቀንና በወረቀት ጥንቁቅ የሚሆኑት። ከዕዳው የሚተርፍ ገንዘብ ካለ ለባለንብረቱ ይመለሳል።

ወደ ማስታወቂያው ሠንጠረዥ እንምጣ። መጀመሪያ «የተበዳሪው ስም» እና «የንብረት አስያዥ ስም» የሚሉትን ሁለት ዓምዶች ያነጻጽሩ። ስሞቹ የተለያዩ ከሆኑ ቤቱን ያስያዘው ተበዳሪው ራሱ አይደለም፤ እናት፣ ወንድም ወይም ወዳጅ ለሌላ ሰው ብድር ቤቱን ሰጥቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ባለቤት ገንዘቡን ሳይበላ ቤቱን ስለሚያጣ ርክክቡ ላይ የሚገጥመው ተቃውሞ ከሌላው ይበረታል። ቀጥሎ ሐራጁ «ለስንተኛ ጊዜ» እንደወጣ ይመልከቱ። «ለሁለተኛ ጊዜ» ከተባለ በመጀመሪያው ተጫራች ጠፍቶ ይሁን ወይስ አሸናፊው ገንዘቡን ሳያጠናቅቅ ቀርቶ፣ ባንኩን ይጠይቁ። በመጀመሪያው ተጫራቹ ጠፍቶ ከሆነ ምክንያቱን ሳያገኙ አይለፉ። በሁለተኛውም ገዢ ካልመጣ ሕጉ ባንኩ ራሱ ንብረቱን እንዲወስደው ይፈቅድለታል። በዚህ መልክ ወደ ባንኩ የገቡ ቤቶች በኋላ ብዙውን ጊዜ በታሸገ ፖስታ ጨረታ ይሸጣሉ። በሐራጅ የሌላውን ጥሪ ሰምተው መጨመር ወይም ማቆም ይችላሉ፤ በፖስታ ግን አንድ ዋጋ ጽፈው መውጣት ብቻ ነው።

ከሠንጠረዡ በታች በትናንሽ ፊደል የሚጻፈው ክፍል ከላይኛው ይልቅ ገንዘብ ይነካል። ምን ያህል እንደሚያስይዙ፣ ንብረቱን መጎብኘት የሚቻልበት ቀን፣ ታክስና የስም ማዛወሪያ ማን እንደሚከፍል፣ ባንኩ ሐራጁን የመሰረዝ መብት እንዳለው፣ ሁሉም እዚያ ነው። ተበዳሪው ሐራጁ ሳይካሄድ ዕዳውን ከከፈለ ሐራጁ ይቀራል፤ ለወራት የተዘጋጁበት ቤት በዋዜማው ከእጅዎ ሊወጣ እንደሚችል አውቀው ይግቡ።

ማስታወቂያዎቹን በአዲስ ዘመንና በሪፖርተር ጋዜጦች፣ በባንኮቹ ድረ ገጾችና የቴሌግራም ገጾች፣ በቅርንጫፎቻቸው ሰሌዳም ያገኟቸዋል። ፍርድ ቤት የሚያሸጣቸው ቤቶች ከነዚህ ይለያሉ። እነሱ «የአፈጻጸም ከሳሽ» እና «የአፈጻጸም ተከሳሽ» በሚሉ ቃላት ይታወቃሉ፤ ሽያጩም በፍርድ ቤቱ መጽደቅ አለበት።

ጥያቄ፦ ቡራዩ ውስጥ ያለ ቤት ሐራጅ ላይ ልገባ ነው። ካርታው ባንክ እጅ ስለሆነ ትክክለኛ መሆኑ የተረጋገጠ አይደለም እንዴ? ሌላ ምን ላጣራ? *(ከአሸዋ ሜዳ)*

መልስ፦ ባንክ የያዘው ካርታ በእርግጥ አንድ እርምጃ ወደፊት ያስኬድዎታል። የጨረቃ ቤት ወይም በመንደር ውል ብቻ የተሸጠ የገበሬ ቦታ መያዣ ሆኖ አይመዘገብም። ነገር ግን ባንኩ ካርታውን ያጣራው ብድሩን በሰጠበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ ፕላኑም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ አንዳንዴ ካርታው ራሱም ተለውጧል።

በመጀመሪያ ፋይሉ የት እንዳለ ይወቁ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ለገዳዲ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ የቀድሞዎቹ ማዘጋጃ ቤቶች ፋይሎችም ወደ ክፍለ ከተሞች የመሬት ጽሕፈት ቤቶች ተከፋፍለዋል። ካርታው ላይ የቀድሞው ማዘጋጃ ቤት ስም መኖሩ ችግር አይደለም፤ ችግሩ ፋይሉ በአዲሱ ቢሮ መዝገብ ላይ አለመገኘቱ ነው። ሰነዱ በአፋን ኦሮሞ ስለሚሆን ቋንቋውን አንብቦ የሚረዳ ሰው ይዘው ይሂዱ። «ገባኝ» ብሎ መፈረም እዚህ ላይ ብዙ ያስከፍላል።

መሬት ቢሮ ለማንም መንገደኛ ፋይል አይከፍትም። ስለዚህ በባንኩ የሕግ ወይም የብድር ማስመለስ ክፍል በኩል ይሂዱ። ባንኩ ሐራጁን ከማውጣቱ በፊት ከመሬት ቢሮው ያገኘው የቅርብ ጊዜ የማጣሪያ ደብዳቤ ካለ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ደብዳቤው ካረጀ አዲስ እንዲጽፍ ይጠይቁት። የሚፈልጉት መልስ ይህ ነው፦ ካርታው መክኗል ወይስ በሥራ ላይ ነው? ከባንኩ መያዣ ሌላ የፍርድ ቤት ወይም የገቢዎች እገዳ አለበት? መንገድ ወይም ሌላ የልማት ፕላን ይነካዋል? የሊዝ ወይም የጣሪያና ግድግዳ ግብር ውዝፍ ስንት ነው? በመሬቱ ላይ ያለው ግንባታ በፈቃዱ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? የመጨረሻው ጥያቄ በዳርቻው በጣም አስፈላጊ ነው። ለአንድ ቪላ በወጣ ፈቃድ ላይ ከኋላ ስድስት ክፍል ሰርቪስ የተሠራበት ግቢ ብዙ ነው፤ ያ ሰርቪስ በመነሻ ዋጋው ውስጥ ተቆጥሮ ይሆናል፣ በካርታው ላይ ግን የለም።

የመያዣውን የምዝገባ ቀንም ይጠይቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የመያዣ ምዝገባ የሚጸናው ለ10 ዓመት ነው፤ ያልታደሰ ምዝገባ ሌላ ባለገንዘብ ከፊት እንዲቆም በር ይከፍታል።

ስለ ኮኦርዲኔት አንድ ነገር እንጨምር፤ ሰዎች ሌላ ሰው ግቢ ቆመው «ቤቱን አየሁት» የሚሉበት ምክንያት ነውና። በብዙ ካርታዎች ላይ የማዕዘኖቹ ኤክስ እና ዋይ ቁጥሮች የተሰሉት አዲንዳን በሚባለው የቆየ መነሻ ሥርዓት ነው። ስልክዎ የሚጠቀመው ግን ዳብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ነው። የካርታውን ቁጥር እንዳለ ስልክ ላይ ቢያስገቡ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይዛነፋል። በዚህ ርቀት ለገጣፎ ላይ ሌላ ብሎክ፣ ሱሉልታ ላይ ሌላ ሰፈር ይገባሉ። ቀያሽ ከፍለው ቁጥሩን አስለውጠው ማዕዘኖቹን ያስለኩ፤ አጥሩ ወደ ጎረቤት ወይም ወደ መንገድ መግባቱም በዚያው ይታወቃል።

ሁለት የሕግ ነገሮች ቀርተዋል። አስያዡ ባለትዳር ከነበረ፣ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለማስያዝ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ባል ወይም ሚስት ድርጊቱን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ግን በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ በመያዣ ውሉ ላይ ሁለት ፊርማ ወይም የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ መኖሩን ባንኩን ይጠይቁ። ሌላው የይዞታው ዓይነት ነው። ቤቱ በነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት በተያዘ ቦታ ላይ ካለ፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በማንኛውም መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ ይደነግጋል። ሐራጅም ከዚህ አይድንም። ያስያዘው ሰው ሲከፍል የኖረው አነስተኛ የቦታ ኪራይ በእርስዎ ስም ሲሆን የሊዝ ውል ይሆናል፤ ስሌቱን ከመጫረትዎ በፊት ከመሬት ቢሮው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ገላን አካባቢ ጂ+1 (ምድርና አንድ ፎቅ) ተብሎ ተጀምሮ የመጀመሪያው ሶሌታ (የፎቁ ወለል ኮንክሪት) ላይ የቆመ ቤት በሐራጅ ወጥቷል። ኮለኖቹ ላይ ፌሮው ተቆርጦ ወደ ላይ ቆሟል፣ ለዓመታትም ዝናብ መትቶታል። የታችኛው ግድግዳም ስንጥቅ አለው። ልግዛው? *(ከገላን)*

መልስ፦ ከሁሉም ጥያቄዎች ይህኛው ብዙ ቦታ ይገባዋል፤ በሐራጅ ላይ ትልቁ ትርፍም ትልቁ ኪሳራም ያለው ያልተጠናቀቁ ቤቶች ላይ ነውና።

ከአፈሩ እንጀምር። ከገላን እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከቦሌ አራብሳ እስከ ለገጣፎ ያለው ሜዳ በአብዛኛው ጥቁር መረሬ አፈር ነው። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ እጅ የሚያስገባ መሰንጠቅ ይፈጥራል፣ በክረምት ይገጥማል። ቤቱም በየዓመቱ አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይወርዳል። ሁሉም ማዕዘን እኩል ስለማይነሳ ግድግዳው ይሰነጠቃል። እዚህ ላይ ገዢዎችን የሚያታልል ነገር አለ። ቤቱን በነሐሴ ወይም በመስከረም መጀመሪያ ካዩት ስንጥቁ ተዘግቶ ክር ይመስላል። ያንኑ ቤት በሚያዝያ ቢያዩት እርሳስ ይገባበታል። ስለዚህ ጉብኝትዎ ክረምት ላይ ከዋለ የስንጥቁን ስፋት ሳይሆን የተደጋገመ ጥገና ምልክት ይፈልጉ። ተደርቦ የተለሰነ መስመር፣ ቀለሙ የተለየ ጂፕሰም፣ ጫፉ ተልጎ የተስተካከለ በር ካዩ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ኖሯል።

ስንጥቁን ሲያዩ ቅርጹ ላይ ያተኩሩ። ልስን ላይ ብቻ ያለ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ አያስጨንቅም። ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ ወደ ወለል ወይም ወደ ጣሪያ የሚሄድ፣ ወይም በብሎኬቶቹ መገጣጠሚያ ደረጃ እየሠራ የሚወርድ ስንጥቅ ግን የመሠረት ችግር ይናገራል። እርሳስ ሙሉ በሙሉ የሚገባበት ከሆነ ስፋቱ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነውና ያለ መሐንዲስ ሐራጅ አይግቡ። ስንጥቁ ከግድግዳ አልፎ ኮለን ወይም ቢም ላይ ከገባ ቤቱን ሳይሆን ቦታውን እየገዙ እንደሆነ አድርገው ያስሉ። በዚያ ላይ የማፍረሻውን ወጪ ይቀንሱ።

መሠረቱን ከመሬት በላይ ሆነው አያዩትም፣ ባንኩም ከሐራጅ በፊት እንዲቆፍሩ አይፈቅድልዎም። ግን ጎረቤት ሄደው ማየት ይችላሉ። በዚያው መንገድ ላይ ግንባታ የጀመረ ሰው ካለ ጉድጓዱን ይመልከቱ፣ ግንበኛውን ጥቁሩ አፈር ስንት ሜትር ላይ እንዳለቀ ይጠይቁ። ጎረቤት 2 ሜትር ቆፍሮ ገና ጥቁር አፈር ላይ ከሆነና የእርስዎ ቤት ፕላን የሚያሳየው 80 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ መሠረት ከሆነ፣ የስንጥቁን መነሻ አግኝተውታል። ትክክለኛው አሠራር ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በሰሌክት ማቴሪያል (በተመረጠ የሙሌት አፈር) እየጠቀጠቁ መተካት ወይም ጠንካራው መሬት ድረስ ወርዶ መሠረት መጣል ነው። የግንባታ ፈቃዱ ፋይል ውስጥ የአፈር ምርመራ ውጤትና የስትራክቸር ፕላን ካለ ባንኩን ኮፒ ይለምኑት። ፕላኑ ካልተገኘ በላዩ ላይ ሌላ ፎቅ የሚፈርምልዎ መሐንዲስ አያገኙም።

አሁን ወደ ቆመው ፌሮ። በመጀመሪያ ርዝመቱን ይለኩ። የፌሮ ድርብ ርዝመት (አዲሱ ፌሮ ከአሮጌው ጎን ተደርቦ የሚታሰርበት) ቢያንስ የውፍረቱ 40 እጥፍ ይያዛል፤ 14 ሚሊ ፌሮ ከሆነ 56 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው፣ 60 ቢሆን ይሻላል። እርስዎ «ተቆርጦ» ብለዋል፤ የቀረው 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ አዲሱን ኮለን ከአሮጌው ጋር በተለመደው መንገድ ማያያዝ አይቻልም። ኮንክሪቱን ሰብሮ ፌሮውን ማጋለጥ ወይም በኬሚካል አዲስ ፌሮ መትከል ይጠይቃል፤ ሁለቱም ውድ ናቸው። ቀጥሎ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ያስፈትጉ። ቀይ ዱቄት ብቻ ሆኖ ከሥሩ ብረቱና ጥርሱ ጤነኛ ከሆነ ችግር የለውም። በቅርፊት እየተላጠ የሚወድቅ ከሆነ በካሊፐር ይለኩት፤ ከ1 ሚሊ በላይ ከሳሳ ውሳኔው የመሐንዲስ ነው። ከሁሉ በላይ ፌሮው ከኮንክሪቱ የሚወጣበትን ቦታ ይመልከቱ። እዚያ ኮንክሪቱ እየተቆረሰ ከተነሳ ዝገቱ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ሶሌታው ላይ ለዓመታት ውሃ ቆሞ ከነበረ ከሥር ሆነው ጣሪያውን ያንጋጡ። ነጭ ጨው የመሰለ ምልክት ውሃ እንዳለፈበት ያሳያል፤ ቡናማ መስመር ደግሞ ውስጥ ያለው ፌሮ እየዛገ እንደሆነ። መሐንዲስዎ ሽሚት ሃመር (የኮንክሪትን ጥንካሬ መፈተሻ መሣሪያ) ይዞ በጉብኝቱ ቀን ኮለኖቹንና ሶሌታውን ቢፈትሽ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከባንኩ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

በመጨረሻም የሊዝ ውሉን ይዩ። የሊዝ መሬት ግንባታ የሚጀመርበትና የሚጠናቀቅበት የጊዜ ገደብ አለው። ባለቤቱ ገደቡን አሳልፎ ከሆነ፣ አዲሱ ባለመብት ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጠው ከመሬት ቢሮው በጽሑፍ ሳይጠይቁ አይጫረቱ። የግንባታ ፈቃዱንም ማደስ ይኖርብዎታል። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከተገኘ ግን ግማሽ የቆመ ጤነኛ ቤት ከሁሉም የሐራጅ ቤቶች የምንመርጠው ነው፤ የሚያስወጡት ነዋሪ የለውም፣ ስትራክቸሩም ራቁቱን ስለሆነ የሚደበቅ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ በእጄ 4 ሚሊዮን ብር አለ። መነሻ ዋጋው 6 ሚሊዮን የሆነ ቤት ላይ ለመጫረት አስቤአለሁ። የጎደለውን በብድር እሞላለሁ። ይቻላል? *(ከሰሚት)*

መልስ፦ በቁጥር እንየው። በተለመደው አሠራር ለመጫረት የመነሻ ዋጋውን ሩብ፣ ማለትም 1,500,000 ብር፣ በባንኩ ስም በተሠራ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ያስይዛሉ። (አንዳንድ ማስታወቂያ ሩቡን የሚያሰላው ከሚጠሩት ዋጋ ላይ ስለሆነ ጽሑፉን ልብ ይበሉ።) በ7,200,000 ብር አሸነፉ እንበል። ቀሪውን 5,700,000 ብር በ15 ቀን ውስጥ መክፈል አለብዎት። በእጅዎ የቀረው 2,500,000 ነው፤ 3,200,000 ይጎድላል። ባንክ የቤት ብድር ለማጽደቅ ግምት፣ የገቢ ማጣሪያና የኮሚቴ ውሳኔ ስለሚፈልግ በ15 ቀን ይደርሳል ብሎ መተማመን አይገባም። ካልደረሰ ሐራጁ ይሰረዛል፣ ያስያዙት 1,500,000 ብርም አይመለስም። የሰው የዓመታት ቁጠባ በሁለት ሳምንት የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው።

አንዳንድ ባንኮች መስፈርታቸውን ለሚያሟላ አሸናፊ የዋጋውን ከፊል በብድር እንደሚያመቻቹ በማስታወቂያው ይጽፋሉ። እንዲህ ካለ ከሐራጁ በፊት ሄደው ሰነድዎን ያስገቡ፤ ስንት እንደሚያበድሩዎ በደብዳቤ ይቀበሉ። የቃል ተስፋ ሲፒኦዎን አያስመልስም።

ብድር ከሌለ በ4 ሚሊዮን የመጨረሻ ጥሪዎ 3,500,000 አካባቢ መሆን አለበት፤ ማለትም ይህ ቤት የእርስዎ አይደለም። ልዩነቱ ወዴት ይሄዳል ቢሉ፣ የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ 70,000 ብር ነው። የስም ማዛወሪያ አገልግሎት ክፍያ፣ የውዝፍ ግብርና ሊዝ፣ የቆጣሪ ዕዳ፣ ቁልፍና ጥገና ቀሪውን ይበላሉ። ማስታወቂያው «ተጨማሪ እሴት ታክስን አይጨምርም» የሚል ከሆነና ታክሱ የሚመለከተው ንብረት ከሆነ ሌላ 15 በመቶ አለ። በ3,500,000 ላይ 525,000 ብር ይጨምራል፤ ብቻውን ከ4 ሚሊዮን ያሳልፍዎታል። በአዳራሹ ሙቀት ውስጥ ይህን ማስላት አይቻልም፤ የመጨረሻ ዋጋዎን ቤትዎ ሆነው በወረቀት ጽፈው ይሂዱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከአዳራሹ በር ላይ «ይህን ያህል ስጠኝና አልጫረትም» የሚል ሰው ከገጠመዎ አይስማሙ። እንዲህ ያለ መመሳጠር ሐራጁን ሊያስፈርስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሰበታ ያለ ቤት በሐራጅ አሸንፌ ከፍያለሁ፤ ባንኩም ደብዳቤ ጽፎልኛል። የቀድሞው ባለቤት ከነቤተሰቡ አልወጣም። አንዱ ሰርቪስ ውስጥ ተከራይም አለ። ምን ላድርግ? *(ከሰበታ)*

መልስ፦ መብራት አያስቆርጡ፣ ቁልፍ አይቀይሩ፣ ጎረምሳ ይዘው አይሂዱ። ካርታው በስምዎ ቢሆንም እንኳ በኃይል የሚደረግ ነገር «ሁከት ይወገድልኝ» በሚል ክስ ፍርድ ቤት ያቆምዎታል፤ ጉዳዩም ከወራት ወደ ዓመታት ይሸጋገራል። ከሕጉም በላይ፣ እዚያ ውስጥ ያሉት ልጆች የትምህርት ዘመናቸውን ሳይጨርሱ ቤታቸው የተሸጠባቸው ናቸው።

ስሙን በቶሎ ያዛውሩና በጽሑፍ የ30 ቀን ጊዜ ሰጥተው ያነጋግሯቸው። የሰፈር ሽማግሌ ወይም የዕድር ዳኛ ቢገባበት መልካም ነው። ለዕቃ ማጓጓዣና ለአንድ ወር ኪራይ የሚሆን ገንዘብ ቢሰጡ ከጠበቃ ዋጋ ያነሰ ሆኖ ያገኙታል፤ ክፍያው ግን ቁልፍ በሚረከቡበት ሰዓት፣ ምስክር ባለበት በተፈረመ ወረቀት ይሁን። ካልተስማሙ በባንኩ የሽያጭ ሰነድ ይዘው ፍርድ ቤት ቤቱን እንዲያስረክብዎ ይጠይቁ፤ ባንኩም በርክክቡ እንዲተባበር በደብዳቤ ይጠይቁት።

ተከራዩን የኪራይ ውሉን ያሳይዎ ይበሉት። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲሆን ያስገድዳል። የተመዘገበ ውል ካለው ሰውየውን ዝም ብለው አያስወጡትም። ከስም ዝውውሩ ቀን ጀምሮ ኪራዩ ለእርስዎ እንዲከፈል በጽሑፍ ያሳውቁት።

የርክክቡ ዕለት የመብራትና የውሃ ቆጣሪዎቹን ንባብ ፎቶ ያንሱ። በሮች፣ የሽንት ቤት ዕቃ፣ ሮቶ፣ የግቢ በር፣ ሁሉም በዝርዝር በርክክብ ሰነዱ ላይ ይግባ። ነዋሪው ሲወጣ ተነቅለው የሚሄዱት እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ውጭ አገር ነው፤ በእሱ ስም ሐራጅ ልግባለት ወይ? *(ከሱሉልታ)*

መልስ፦ ይቻላል። ውክልናው በሚኖርበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተዘጋጅቶ፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫ መመዝገብ አለበት። «ሐራጅ ላይ እንዲጫረት፣ ሲፒኦ እንዲያስይዝ፣ እንዲከፍልና ስም እንዲያዛውር» የሚሉት ቃላት በግልጽ ይጻፉ። «ጉዳዮቼን እንዲፈጽም» የሚል ጠቅላላ ውክልና ለቤት አይበቃም። ወንድምዎ የውጭ ዜግነት ከወሰደ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው አብሮ ይቅረብ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ የባንክ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል፤ 20 ቀን ቀርቶታል። ሐራጅ ሳይወጣ ለእኔ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። 500 ሺህ ብር ቀብድ ጠይቆኛል። ልስጠው? *(ከጣፎ)*

መልስ፦ በእጁ አይስጡት። ሐሳቡ ግን ጥሩ ነው፤ ጎረቤትዎ ከሐራጅ የተሻለ ዋጋ ያገኛል፣ እርስዎም ቤቱን ውስጡ ገብተው አይተው ይገዛሉ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ግን ሁለታችሁም ትጎዳላችሁ።

መጀመሪያ አብራችሁ ባንክ ሂዱ። ባንኩ የዕዳውን መግለጫ በጽሑፍ ይስጥ፤ ወለዱ በየቀኑ ስለሚጨምር እስከ የትኛው ቀን እንደሚያገለግል ይጻፍበት። «የቤቱ ብድር ስንት ነው?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ «በዚህ መያዣ ላይ ያለ ጠቅላላ ዕዳ ስንት ነው?» በሉ። አንድ ቤት ለሁለትና ለሦስት ብድር መያዣ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ አንዱን ከፍለው ካርታው የማይለቀቅላቸው ሰዎች ይህን ባለመጠየቃቸው ነው። ከዚያ ባንኩ ዕዳው ሲከፈል እገዳውን እንደሚያነሳና እስከዚያ ቀን ሐራጁን እንደማያካሂድ የሚገልጽ ደብዳቤ ያግኙ።

ቀብድን በተመለከተ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካልፈጸመ እጥፉን ይመልሳል። በዕዳ የተያዘ ሰው ግን እጥፉን ከየት ያመጣል? የግድ ከሆነ ውል ጽፋችሁ፣ የሚስቱ ፊርማም ገብቶ፣ ገንዘቡን በቀጥታ በብድር ሂሳቡ ላይ ያስገቡለት፤ ደረሰኙን እርስዎ ይያዙ።

ዋጋው ለሁለት ይከፈል። የዕዳው ያህል በባንኩ ስም በሲፒኦ፤ ቀሪው በሻጩ ስም፣ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ከተፈረመ በኋላ። ባንኩ ዋናውን ካርታና የእገዳ ማንሻ ደብዳቤውን ሲሰጥ ደብዳቤውን ራስዎ ተከትለው መሬት ቢሮ ያድርሱ፤ እገዳው ከመዝገቡ መነሳቱን በዓይንዎ ይዩ። የሻጩ የካፒታል ዋጋ ዕድገት ታክስ (በቤቱ ሽያጭ ከሚገኘው ትርፍ ላይ የሚከፈለው) ካልተጣራ ስሙ አይዞርም። ስለዚህ ከሻጩ ድርሻ ላይ ለዚያ የሚበቃ ገንዘብ እንዲቆይ በውሉ ላይ ይጻፉ፤ የታክስ ደረሰኙን ባመጣ ዕለት ይክፈሉት።